ለከተማው የተነሱት ፎቶ

የከተማው የሰብዓዊ መብትና የዘር እኩልነት ኮሚሽን አባል ሁኚ ስባል፣ መጀመሪያ የነገርኳት አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ነው።

«ሹመት ነው?» አለችኝ በስልክ።

«አይደለም እማዬ። በበጎ ፈቃድ ነው። በወር አንዴ እንሰበሰባለን።»

«ተሰብስባችሁስ?»

«ሰው በዘሩ፣ በመጣበት አገር እንዳይበደል ከተማውን እንመክራለን።»

«ከተማ ደግሞ ምክር ይሰማል እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ይሰማል ብዬ አምን ነበር።

ጆሃንስበርግ የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ ስጨርስ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። ኮሚሽኑ የፈለገኝ ግን ለማስተምረው ትምህርት ብሎ ብቻ አይደለም፤ ከስደተኛው ወገን አንድ ሰው መቀመጥ ስላለበት ጭምር ነው። መሀል ከተማ ብራምፎንቴይን በነበረው የስብሰባ ክፍላችን ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ሕንዱም፣ እዚህ «ከለርድ» የሚባለው ክልሱም ተወክሏል። በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊው የአባላቱን የዘር ስብጥር ለምክር ቤቱ ማሳወቅ ነበረበትና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺን የት ላስገባሽ?» አለኝ።

«ጥቁር ነኛ» አልኩት።

«እሱማ ይታየኛል። ግን እዚህ ላይ ጥቁር ሲባል፣ የአገሩ ዜጋ የሆነው ጥቁር ማለት ነው።»

ሁሉም ሳቁ። በመጨረሻ «ሌላ» ከሚለው ውስጥ ገባሁ። የስደተኞች ነገርም በየወሩ የሚነሳው «ሌሎች ጉዳዮች» ላይ ሲደረስ፣ ሰው ቦርሳውን ማንሳት ሲጀምር ነበር። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ሰዎቹ ቅኖች ነበሩ። በተለይ ሰብሳቢያችን። አባቷ በአፓርታይድ ዘመን የታሰሩባት፣ በዚያው እልህ ሕግ የተማረች ሴት ናት። ስትናገር ከአንገት በላይ አልነበረም። በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስብ እሷን የምወቅስበት ቃል አጥቼ ቀርቻለሁ፤ ምናልባት የሚከብደኝም ይኸው ነው።

አሌክሳንድራ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች በያዟቸው ሱቆች ላይ ዛቻ በበዛበት ሰሞን፣ ኮሚሽኑ ወርዶ ነዋሪውን እንዲያዳምጥ ተወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። በመስኮቱ በኩል፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር የሳንድተን ሕንጻዎች መስታወት ያብለጨልጫል፤ በበሩ በኩል ደግሞ የፈነዳ ቧንቧ ውሃ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ተናጋሪው ሁሉ ተቆጥቷል። ሥራ የለም፣ መብራት የለም፣ ውሃው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ቤት ውስጥ ግን የለም። እያንዳንዱ ንግግር ግን ዞሮ ዞሮ «እነዚህ ሱቃችንን የወሰዱብን ሰዎች» ላይ ያርፋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ማስታወሻ እይዛለሁ።

በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት ተነሱ። ቀይ ጃኬትና ነጭ ኮፍያ ለብሰዋል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር ልብስ ነው። ሰዉ ሁሉ «ጎጎ፣ ጎጎ» እያለ ጸጥታ ሰጣቸው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ በዕድሜ ለገፋች ሴት ሁሉ የሚሰጥ የአክብሮት ስም።

«ሱቁ የእኔ ነበር» አሉ። «ጋራዣችን ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ከፍተነው ነበር። እሱ ሲሞት ከሰርኩ፤ ዘጋሁት። ይሄ ልጅ መጣና አከራየሁት። አሁን እኔ ከሰዓት በኋላ እዚያው ውስጥ ተቀምጬ እውላለሁ። እሱ ዳቦ ይሸጣል፣ እኔ ባለጌ ልጆችን እቆጣለሁ። ማን ማንን እንደወሰደ አላውቅም። ዳቦ የሚሸጠውን ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ውሃዬን ማን እንደወሰደው ጠይቁልኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የተቆጡትም ሳቁ። ጎጎ በእጃቸው ወደ በሩ ጠቆሙ፤ ሁሉም ዞረ። እዚያ፣ ከበሩ መቃን ተጠግቶ፣ ቀጠን ያለ ሰው ቆሟል። ከሩቅ ሳየው የአገሬ ልጅ መሆኑን አወቅሁ።

ስብሰባው ሲበተን ሄጄ ሰላም አልኩት። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ ነው። በየብስ፣ ከአገር አገር እየተሻገረ ነው እዚህ የደረሰው። አማርኛውን አስቦ፣ ቃሉን እየመረጠ ነው የሚናገረው፤ የእናቱ ቋንቋ ሀዲይኛ ነው።

«እህቴ፣ ማ እንዲህ ሊናገሩ እንደሆነ አልነገሩኝም» አለኝ፤ «ማ» የሚላቸው ጎጎን ነው፣ እናት ማለቱ። «ና አጅበኝ ብለውኝ ነው የመጣሁት።» ደስም ብሎታል፣ ደንግጧልም።

ያን ቀን ግቢያቸው ድረስ ሄድኩ። ጋራዡ ፊቱ በብረት መረብ ታጥሯል፤ ደንበኛ በመረቡ መስኮት እጁን ያስገባል፣ ዳቦ ወይም ሻማ ወይም የስልክ ካርድ ይቀበላል። ከመረቡ ጀርባ፣ ከባለ ሱቁ ጎን፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ትራስ አንጥፈው ጎጎ ይቀመጣሉ። ደንበኛው እሱን «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል፤ በዚህ አገር የውጭ አገር ባለ ሱቅ ስሙ ይኸው ነው። አንዱ ጎረምሳ «ማይ ፍሬንድ፣ ቶሎ በል!» ሲል ጎጎ በዙሉ ጮኹበት፤ ልጁ ደንግጦ፣ «ሳውቦና ባባ፣ እባክህ ዳቦ» ብሎ፣ አባት ላለው ሰው በሚሰጥ ሰላምታ እንደገና ጀመረ። ባለ ሱቁ ከት ብሎ ሳቀ። ዙሉውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ዙሉ ስለሆነ፣ ሲናገር ወጣቶቹ እንደ ሰባኪ ነው የሚናገረው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ጴንጤ ነው፤ ማታ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት እሳቸው በዙሉ፣ እሱ በሀዲይኛ አንድ ላይ ይጸልያሉ። አንዱ የሌላውን ጸሎት አይሰማም፣ አሜን ላይ ግን ይገናኛሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰብሳቢያችን ከጎጎ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «ይህን ያህል ዓመት ጥናት ስናጠና ያላገኘነውን እኚህ ሴት በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት» አለች። ኮሚሽኑ በየአውቶቡስ ማቆሚያውና በየጤና ጣቢያው የሚለጠፍ ፖስተር ለማሠራት አስቦ ነበር፤ የሁለቱ ፎቶ ቢሆንስ ተባለ። ተከራይና አከራይ፣ በአንድ ግቢ። ሁሉም ወደደው። እንድጠይቃቸው እኔ ተላክሁ።

ጎጎ ሲሰሙ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። ባለ ሱቁ ግን የያዘውን የሳሙና ካርቶን መሬት አስቀመጠ።

«አልወደድከውም?» አልኩት በአማርኛ።

«እህቴ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ የማውቀው ይሄን ሰፈር ብቻ ነው። እዚህ የምኖረው ሰው ሳያየኝ ነው። ዳቦውን ያያሉ፣ እጄን ያያሉ። ፊቴን ያየ ብዙ የለም። ይሄ ይሻለኛል።»

ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዳለ ለኮሚሽኑ አቀረብኩት። ሰብሳቢያችንም ሳታንገራግር፣ «እሱ ካልፈለገ ይቅር፤ ሥዕል እናሠራለን» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር።

ያላለቀው በጎጎ በኩል ነው። ፎቶው መቅረቱን ሲሰሙ ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ፊቴ አስቀያሚ ነው አሉ?»

«ኧረ በፍጹም ጎጎ! እሱ ስለፈራ ነው።»

«እሱን ለእኔ ተዪው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ማዶ፣ የነጮች ቤት ሳጸዳ ነው የኖርኩት። የቤቱ ሁሉ ግድግዳ በፎቶ የተሞላ ነው፤ የውሻቸው ፎቶ እንኳ አለ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። እኔን ፎቶ ያነሳኝ የለም፤ ከመታወቂያዬ በቀር። አሁን ከተማው ራሱ ላንሳሽ ሲለኝ እምቢ ልበል?»

በማግስቱ ባለ ሱቁ ደወለና፣ «እሺ፣ እነሳለሁ» አለኝ። «ማ እራት አልበላም ብለው አኮረፉኝ።» እየሳቀ ነበር። «እናት ማለት ናቸው። ለእናት እምቢ አይባልም።»

ፎቶው የተነሳ ቀን እኔም ነበርኩ። ጎጎ ያን ቀይ ጃኬትና ነጭ ኮፍያ ለብሰዋል። እሱ ከጓደኛው የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ፎቶ አንሺው ከመረቡ ፊት አቆማቸው። «ወደ ሰውየው ጠጋ ይበሉ» ሲላቸው ጎጎ ክንዳቸውን በክንዱ ውስጥ አስገቡ፤ እሱ አፈረ፣ ወዲያው ግን ሳቀ። ፎቶው ላይ የወጣው ያ ሳቁ ነው። ቆንጆ ፎቶ ነበር። አሁንም ቆንጆ ነው እላለሁ።

ፖስተሩ እንደወጣ ጥሩ ሰሞን ሆነ። ጎጎ አንዱን ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉ። የማኅበራቸው ሴቶች እየመጡ አዩ፤ የሱቁም ደንበኛ ጨመረ። ሰብሳቢያችን ለምክር ቤቱ ሪፖርት ስታቀርብ ጭብጨባ ተሰማ። የእኛ ጉዳይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከ«ሌሎች ጉዳዮች» ወጥቶ ራሱን የቻለ አጀንዳ ሆነ። እኔም ለተማሪዎቼ ሳይቀር አወራሁት።

ከዚያ የምርጫ ወሬ ተነሳ። በየሰፈሩ ድምፅ የሚፈልጉ ሰዎች መጡ፤ ለሚናገሩት ቁጣ ደግሞ ፊት ያስፈልጋቸው ነበር። እኛ ፊት አዘጋጅተን በየግድግዳው ለጥፈንላቸዋል። አንዱ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ በጎጎ ፊት ላይ በጥቁር ቀለም መስቀል ተሰመረ። ሌላው ላይ «ሻጭ» ተብሎ ተጻፈ። ዳቦ ሳይሆን ወገናቸውን ሸጡ ማለቱ ነበር። በማኅበሩ ጸሎት ላይ ሴቶቹ ከጎጎ አጠገብ ቦታ መያዝ ተዉ። «ከተማው ስንት ከፈለሽ?» ያሏቸውም ነበሩ። የተከፈላቸው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዎች ግቢው ድረስ መጡ። የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹን ጎጎ አዝለው ያሳደጓቸው ናቸው። ልጁን እንዲያስወጡ፣ ሱቁን ለአገሩ ሰው እንዲያከራዩ ነገሯቸው። ጎጎ ከሳጥናቸው ላይ ሳይነሱ፣ «የአገሩ ሰው ይኸው እኔ ነኝ፤ ከፈለግሁ እዘጋዋለሁ፣ ካልፈለግሁ አልዘጋውም» ብለው መለሱላቸው። ሰዎቹም፣ «እሺ ጎጎ። እሳት ሲነሳ ግን ግድግዳ አይለይም» ብለው ሄዱ።

ይህን የነገረኝ ባለ ሱቁ ነው። ድምፁ ተለውጦ ነበር። ወዲያው ለሰብሳቢያችን ደወልኩ፤ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራች። እሷን እንደዚያ ቀን ደንግጣ አይቻት አላውቅም። ፖስተሮቹ ይነሱ አለች፤ ተነሱ። ለፖሊስ ይጻፍ አለች፤ ተጻፈ። አንድ የፖሊስ መኪና መጥቶ ግቢው በር ላይ ጥቂት ቆሞ ሄደ፤ ለሰፈሩ ደግሞ ያም ሌላ ወሬ ሆነ። እኔ ሁለቱ ለጊዜው የሚያርፉበት ቤት ይፈለግ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ኮሚሽኑ እንደሚመክር እንጂ ቤት የሚሰጥ እንዳልሆነ ጸሐፊው በትሕትና አስረዳኝ። እውነቱን ነው። ፎቶ የማንሳት ሥልጣን ነበረን፤ ከፎቶው በኋላ ለሚመጣው ግን ሥልጣን አልነበረንም። ይህን ቀድሞ ያሰበ ከመካከላችን አንድም ሰው አልተገኘም።

ባለ ሱቁ ከግቢው የወጣው ሐሙስ ቀን ነው። ሐሙስ የሴቶች ማኅበር ቀን ነው፤ ጎጎ ጸሎት ሄደው ሳሉ ከጎረቤት ከተማ ከጀርሚስተን ጓደኞቹን በፒክአፕ አስመጥቶ ዕቃውን ጫነ። እኔ የደረስኩት ሊጨርሱ ሲሉ ነው።

«ሳትነግራቸው?» አልኩት።

«ብነግራቸው ያስቀሩኛል እህቴ። ካስቀሩኝ ደግሞ ቤታቸው ይቃጠላል። የማ ሴት ልጅ ጠርታኝ አልቅሳ ለመነችኝ። እናቴ አትሰማኝም፣ አንተ ግን ስማኝ አለችኝ። ምን ላድርግ?»

«ቢያንስ ጠብቃቸውና ተሰናበታቸው፤ እኔም አብሬህ እሆናለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ፊታቸውን ካየሁ አልሄድም።»

የወሩን ኪራይና አንድ ጆንያ ዱቄት ለልጃቸው ትቶ ሄደ።

ጎጎ ሲመለሱ በሩ ላይ ያገኙት እኔን ነው። ጋራዡ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። ገብተው ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። «ፈርቶ ነው?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ብሎ ነው ጎጎ። ቤትዎ እንዳይቃጠል ብሎ።»

«ለእኔ?» ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ለእሱ ብዬ በነዚያ ልጆች ፊት ቆምኩ። በማኅበሬ ፊት ቆምኩ። የቆምኩለት ሰው እኔን ሳይጠይቅ ሄደ። አሁን በሰፈሩ ሁሉ ፊት ብቻዬን የቆምኩ ሞኝ ሆንኩ። እሱ ለእኔ ብሎ አይደለም የሄደው፤ ለራሱ ነው።»

«ጎጎ፣ ስለሚወድዎት ነው።»

«የሚወድ ሰው ደህና ሁኚ ይላል።»

ሻይ አፍልቼላቸው ነበር፤ ሳይነኩት ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ስመላለስ ከረምኩ። እሱ ጀርሚስተን ባቡር ጣቢያው አካባቢ ብርድ ልብስና መጋረጃ መንገድ ላይ መሸጥ ጀመረ። በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ «ማ ደህና ናቸው?» ብሎ ነው። ክረምት ሲገባ ወፍራም ብርድ ልብስ መርጦ ላከላቸው። ጎጎ ተቀብለውኝ፣ ለማን እንደሆነ እያወቁ፣ «ለልጄ እሰጣታለሁ» ብለው አጠፉት። አንድ እሑድ ይዤው ልምጣ ብላቸው፣ «መንገዱን ያውቀዋል» አሉኝ። ይህን ስነግረው እሱ ደግሞ፣ «ከተቆጡኝስ? ሰፈሩስ ካየኝ?» እያለ ከእሑድ ወደ እሑድ አዘገየው። እኔም ሁለቱም እልኻቸው ሲበርድ ይሆናል እያልኩ አልገፋሁትም። ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር።

ጋራዡን አንድ የሰፈር ሰው ተከራይቶ ሱቅ ከፈተበት፤ ብዙም ሳይቆይ ዘጋው። ጎጎ ዳቦ ለመግዛት ሁለት መንገድ ተሻግረው መሄድ ጀመሩ፤ ባለ ሱቁ ሌላ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ጎጎ ግን ገዝተው ይመለሳሉ እንጂ አይቀመጡም። ምርጫው አለፈ። ያስፈራሩት ሰዎችም ወሬያቸውን ቀይረው ስለ መብራት ማውራት ያዙ። ቤቱን ያቃጠለ አልነበረም። ይቃጠል ነበር ወይስ አይቃጠልም ነበር፣ ማን ያውቃል? እሱ ባይሄድ ኖሮ የሚሆነውን እኔ አላውቅም፤ ለዚህም ነው ማንንም ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል ማለት የማልችለው።

የኮሚሽኑም ዘመን አለቀ። አዲሱ ምክር ቤት በጀት የለም ብሎ ሳያድሰው ቀረ። በመጨረሻው ስብሰባ ሰብሳቢያችን የሠራነውን ስትዘረዝር ፖስተሩን አላነሳችም። ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ፣ «እኚያን ሴት አዳራሹ ውስጥ ሲናገሩ ሰምተን፣ አመስግነን፣ ውሃቸውን ብቻ አስቀጥለን ብንሄድ ኖሮ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ውሃው ያን ጊዜም አልመጣም።

ከዚያ ጎጎ ልባቸውን ታመሙ፤ ሲሻላቸው ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ ወደ ኳዙሉ ናታል፣ ከእህታቸው ዘንድ ሄዱ። የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው። ጀርሚስተን ሄጄ ነገርኩት። ደንበኛ እያናገረ ነበር፤ መጋረጃውን ለደንበኛዋ እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ሴትየዋ ሁለቴ ዋጋ ጠየቀችው፤ አልሰማትም።

«ይመለሳሉ?» አለኝ።

«አይመስለኝም።»

ከልጃቸው ቁጥር ተቀብዬ ሰጠሁት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወለ። እህትየው አነሱና ተኝተዋል አሉት። በሌላው እሑድም ደወለ፤ አሁንም ተኝተዋል። ከጀርባ ግን የሬዲዮ መዝሙርና አብሮ የሚያዜም የአሮጊት ድምፅ እንደሰማ ነገረኝ።

«እሳቸው ናቸው» አለኝ። «ድምፃቸውን አውቀዋለሁ። ሲያዜሙ ሁልጊዜ ይቀድማሉ።»

«ታዲያ እንደገና ደውላ።»

«መናገር ባይፈልጉ ነው እህቴ» አለና ብርድ ልብሶቹን ማጣጠፍ ጀመረ። «ደህና መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ይበቃል።»

እንደሚበቃው አላመንኩም፤ እሱም ያመነ አይመስለኝም። ቁጥሩ አሁንም በሁለታችንም ስልክ ውስጥ አለ። እሱ አልደወለም፤ እኔም ደውል አላልኩትም።